ቼሎ፣ ሉፐርና የግድግዳ ማብሪያ፦ የሥራ ማስታወሻ ከሐዋሳ

ጥቅምት 9፣ 2017

አራት ሆነን የክር መሣሪያ የምንጫወትበት ኳርቴት ፈረሰ። አንደኛዋ ቫዮሊን ዱባይ ሄደች። ሁለተኛው ባንክ ገባ። ቪዮላው አዲስ አበባ ቀረ። ሐዋሳ የቀረነው እኔና ቼሎዬ፣ ያ በጉልበት መሀል የሚያዘው ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ፣ ነን። ለሰርግ ቼሎ ብቻውን የሚጠራ ሰው የለም፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። የሚደውል ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ናችሁ?" ብሎ ነው። "አንድ" ስል ዝም ይላል።

ስለዚህ አንዱን አራት ለማድረግ ተነሳሁ። ሉፐር የሚባል በእግር የሚረገጥ ሳጥን አለ። የተጫወትከውን ይቀዳና እየደጋገመ ያሰማሃል፤ አንተ በላዩ ሌላ ትጨምራለህ። ቤዙን ቀድቼ፣ ከበሮውን በቼሎው ሆድ ላይ መትቼ፣ ከላይ ዜማውን እጫወታለሁ ማለት ነው። የተማርኩት ክላሲካል፣ አራቱ ቅኝቶች፣ ችክችካውና ኤሌክትሮኒክሱ አንድ ድስት ውስጥ ይገባሉ። እስከ ጥምቀት አርባ ደቂቃ የሚሞላ ሥራ ቢኖረኝ ይበቃኛል።

አጎቴ ሰማና "እንደ ሙላቱ አስታጥቄ ነው?" አለኝ። ሙላቱ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ሲያበቃ የሠራው ባንድ ይዞ ነው፣ እኔ ግን ብቻዬን ነኝ አልኩት። "ታዲያ ብቻህን እንዴት ይሆናል?" አለ። መልስ አልነበረኝም።

ያገለገለ ባለ ሁለት ትራክ ሉፐር 27,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ ከ30,000 ንቅንቅ አልልም ብሎ ነበር። ቻርጀሩ ኦሪጅናል ስላልሆነ ነው የቀነሰልኝ። በዚያች 3,000 ብር በጣም ተደሰትኩ። ደስታው ብዙ አልቆየም።

ጥቅምት 17

ፒክአፕ፣ የመሣሪያውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው። ለቼሎ የተሠራው ከውጭ ካልመጣ አይገኝም፣ ዋጋውም አይቀመስም። አረብ ሰፈር ካለ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሁለት የፒዬዞ ሳንቲሞች በ300 ብር ገዛሁ። የሙዚቃ ፖስትካርድ ውስጥ ያሉት ዓይነት ናቸው፤ ስስ የነሐስ ክብ፣ መሀሉ ነጭ። ሽቦ በየድኩባቸውና በሁለት ፊት ፕላስተር ክሮቹን ከሚሸከመው እንጨት፣ ከድልድዩ ሥር ለጠፍኳቸው።

ሚክሰር ላይ ስሰካው የወጣው ድምፅ የትንኝ ነው። ዶ ክሬ፣ ያ ደረት የሚነቀንቀው ክር፣ ጭራሽ የለም። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያመጣጥን ኢኪው ፔዳል ያስፈልገኛል ብዬ 6,000 ብር አወጣሁ። ቤዙን እስከ ጥግ ከፈትኩት። አሁን የወፍራም ትንኝ ድምፅ ሆነ።

ችግሩ ሌላ ነበር። ፒዬዞ ጉልበቱ ትንሽ ነው። የሚገባበት መሰኪያ በጣም ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) ከሌለው፣ ቢያንስ አንድ ሜጋኦም ካልሆነ፣ ቤዙ መንገድ ላይ ይቀራል። የሚክሰሩ ላይን መሰኪያ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ሉፐሩ ግን ለጊታር የተሠራ ስለሆነ መሰኪያው ይሄንኑ ነው የሚፈልገው። ኬብሉን ከሚክሰር ነቅዬ ሉፐር ላይ ሰካሁ። ዶ መጣች። ወንበሬ ተንቀጠቀጠ።

ኢኪው ፔዳሉ የሚሸጥ ነው። 4,500 እላለሁ።

ጥቅምት 29

ሁለት ቀን ሶል ክር ስቃኝ ከረምኩ። ክሩን ብቻዋን ስስባት፣ ድምፁ ዋው-ዋው-ዋው እያለ ይወዛወዛል፣ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል። ሌሎቹ ክሮች ላይ የለም። ክሯ አለቀች አልኩ። ድልድዩን አነቃነቅኩ። የቀለበት ጣቴን እንኳን ጠረጠርኩ፤ ባዶ ክር ላይ ጣት ምን ይሠራል!

ሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ። ሉፐሩን በባትሪ አድርጌ ቀጠልኩ። ሶል ጸጥ፣ ለስላሳ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግድግዳችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። እጥፉ 100 ነው። ርካሽ ቻርጀርና ያልተሸፈነ ሽቦ ይችን 100 ይዘው እስፒከር ውስጥ "እምም" ይላሉ። የቼሎ ሶል ደግሞ 98 ነች። 100 ሲቀነስ 98፣ ሁለት። በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ዋው። ስንት ዓመት ኢንቶኔሽን፣ ድምፅን ልክ ቦታው ላይ መያዝ፣ ተለማምጄ የምጣላው ከመብራት ኃይል ሽቦ ጋር ነው።

አከራዬ እትዬም ሰምተውታል። በሩን አንኳኩተው "ልጄ፣ ፍሪጅ ገዛህ እንዴ?" አሉኝ።

መፍትሔው 120 ብር ነው የፈጀው። ፒዬዞዎቹንና ሽቦአቸውን በወጥ ቤት ፎይል ጠቀለልኩ፣ ፎይሉን ከጃኩ ግራውንድ ጋር አያያዝኩ፣ ሉፐሩን በስድስት ባትሪ አሠራሁ። እምምታው ጠፋ። መጀመሪያ የጠቀለልኩት ፎይል ድምፁን የሚሸከመውን ሽቦ ነክቶ ድምፁን በሙሉ ገድሎት ነበር። ከፎይሉ ሥር የኤሌክትሪክ ቴፕ ይቀድማል።

ኅዳር 8

ሉፑ ያነክሳል።

የመጨረሻውን ምት በእግርህ ስትዘጋ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ብትዘገይ፣ ያቺ አሥረኛ ሴኮንድ በየዙሩ ተመልሳ ትመጣለች። ችክችካ ላይ ደግሞ አይምርም። ስድስት በስምንት ነው፤ ትከሻ የሚጠብቀውን ቦታ ያውቃል። እማዬን አስቀምጬ አሰማኋት። ትከሻዋ ጀመረና ቆመ፣ ጀመረና ቆመ። "እግሩን የታመመ ሰው ነው የሚመስለው" አለች።

ለምን እንደሆነ ፈለግኩት። ቼሊስት ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚቀመጠው፤ ቼሎው በጉልበቶቹ መሀል ነው። ቀኝ እግሬን ሳነሳ ቼሎው ወደ ግራ ይዘምማል፣ ቦው፣ ክሩን የምስብበት ደጋን፣ ይንሸራተታል፣ እኔም ያንን ላርም ስል እዘገያለሁ። ሦስት ነገር ሞከርኩ። ፔዳሉን በግራ አደረግኩ፤ ባሰ። ጫማ አወለቅኩ፤ ትንሽ ተሻለ። በመጨረሻ ብየዳ ቤት ሄጄ ፔዳሉ የሚቀመጥበት ዘቅዛቃ የብረት መደብ አሠራሁ፣ 900 ብር። ተረከዜ መሬት ላይ እንዳለ የእግሬ ጫፍ ብቻ ይወርዳል። በዚህ ዳነ።

የሉፐሩን ሜትሮኖም፣ ምት ቆጣሪውንም፣ አጠፋሁት። ከፋብሪካ የመጣው በአራት አራተኛ ነው፣ ለእኔ ምት አይሆንም። ደግሞ ሳጥኑ እንዲቆጥርልኝ አልፈልግም። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ቀጥሎም ካይሮ ቫዮሊን ተምረዋል። በኋላ ፒያኖ ላይ ብቻቸውን ሲጫወቱ ጊዜው እንደ ትንፋሽ ይለጠጣል፤ ማንም ሜትሮኖም አይከተለውም። እኔ የያዝኩት መሣሪያ ደግሞ የማይለጠጥ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ እንዲህ ወሰንኩ፦ ከሥር ያለው ሉፕ ጥብቅ፣ ከላይ ያለው ዜማ ልቅ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ገና አልተሳካልኝም።

ኅዳር 20

ማሲንቆ የሚጫወቱ ሽማግሌ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ቼሎዬን ይዤ በባጃጅ፣ ለሁለት ሰው ከፍዬ። ሾፌሩ "ሬሳ ነው እንዴ?" ብሎ ነበር የተቀበለኝ።

ጋሼ "ትዝታን ተጫወት" አሉኝ። ስጨርስ ጣቴን እያዩ "ብርድ ነው?" አሉ።

"የለም ጋሼ፣ ምነው?"

"እጅህ ይንቀጠቀጣላ።"

ቪብራቶዬን ነው፤ ድምፁ እንዲርገበገብ ጣት ክር ላይ የሚወዛወዘውን። ሙሉ ጉርምስናዬን የበላ ቪብራቶ። ቀጥሎ የእሳቸውን እጅ አየሁ። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት እንጨት የለውም። አንዷ የጭራ ክር አየር ላይ ናት። ጣት ከጎኗ ይነካታል እንጂ አይጫናትም። ለዚህ ነው ድምፁ ጥግ ጥጉ ላይ የሚሻክረው፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚንሸራተተው። እኔ ክሩን እንጨት ላይ ጥርቅም አድርጌ እዘጋውና ከዚያ አነዘንዘዋለሁ። ሁለታችን አንድ ቅኝት ይዘን የተለያየ ቋንቋ ነው የምናወራው።

ቤት ገብቼ ጣቴን ሳልጫን በግማሽ ንክኪ ሞከርኩ። መጀመሪያ ፉጨት ወጣ። ቦው ወደ ድልድዩ ሲጠጋ ፉጨቱ ይብሳል፤ ወደ ጣቱ በኩል ሲሸሽ ግን የተሸፈነ፣ ሰው ሰው የሚል ድምፅ ይመጣል። አሥር ደቂቃ ሠራ፣ ከዚያ ጣቴ ደከመና ወደ ልማዱ ተመለሰ። ቪብራቶ መተው ከመማሩ ይከብዳል። በቀን ሃያ ደቂቃ መድቤለታለሁ።

ታኅሣሥ 5

ዚዚዚዚ። ሚ ስጫወት ከሆዱ በታች የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። ፎይሉ ነው ብዬ አወለቅኩት። አይደለም። ቼሎው መሬት ላይ የሚቆምበትን ዘንግ ፈታሁ። አይደለም። በመጨረሻ ቼሎውን ዙሪያውን በጣቴ መገጣጠሚያ አንኳኳሁት፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። ሁሉም ቦታ "ደም" ይላል፣ ታችኛው ግራ ጠርዝ ላይ "ጠቅ"። ወረቀት ሳስገባ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ። ስፌቱ ተከፍቷል። ክረምቱን ያበጠ እንጨት በበጋው ሲኮማተር የሚሆነው ይሄ ነው።

ሰፈሬ ያለው አናጢ "አምጣው፣ በኮላ አንድ ጊዜ ከተጣበቀ መቼም አይለቅም" አለኝ። ችግሩ እሱ ነው። ቼሎ መልቀቅ አለበት። ስፌቱ እምቢ ካለ የሚሰነጠቀው ሰሌዳው ነው። ለዚህ ነው ሠሪዎቹ በቆዳ ሙጫ የሚያጣብቁት፤ ሲጨንቀው ይለቃል፣ በሙቅ ውኃ ይመለሳል። አናጢው "ለመልቀቅ ከሆነ ለምን ይጣበቃል?" አለ። ተሳስቀን ተለያየን።

የቆዳ ሙጫ ሐዋሳ ውስጥ አጣሁ። ሱፐርማርኬት ግን ለኬክ የሚሆን ጣዕም የሌለው ጄላቲን አለ፣ 180 ብር። ከሥረ ነገሩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከቆዳና ከአጥንት የሚወጡ ናቸው። አንድ እጅ ዱቄት በሁለት እጅ ውኃ ዘፍዝፌ እስኪያብጥ ጠበቅኩ። ከዚያ ስኒውን ሙቅ ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ጣት ከሚያቃጥል ትንሽ ከፍ ያለ፣ የማይፈላ። የመጀመሪያውን ዙር አፈላሁትና ጣልኩት፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። በስስ ቢላዋ ጫፍ አስገብቼ፣ የሚፈሰውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ማሰሪያ ደግሞ የብስክሌት ካላማዳሪ። ጎሚስታው በነፃ የሰጠኝን አሮጌ ካላማዳሪ በቀጭኑ ቆርጬ ቼሎውን እንደ ሕፃን ጠቀለልኩት። አንድ ቀን ሙሉ አልነካሁትም።

ዚዚታው ጠፋ። ይሄ በሙሉ ሥራው ውስጥ በጣም የኮራሁበት ነገር ነው፤ ከሙዚቃው በላይ።

ታኅሣሥ 16

ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። እምምታው ናፈቀኝ።

ከጠፋ ጀምሮ ሉፖቼ ባዶ ናቸው። ንጹሕ ናቸው፣ ግን የሚቆሙበት ወለል የላቸውም። ያ 100 ከሥር ሲጮህ ሳላውቀው እንደ በገና ድምፅ ተደግፌበት ነበር።

እና እንዲህ አደረግኩ። በ60 ብር የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ገዛሁ፣ ነጩን፣ ጠቅ የሚለውን። ፎይሉን ከግራውንድ የሚያገናኘውን ሽቦ በሱ በኩል አሳለፍኩ። ሽቦው ሲገናኝ ፎይሉ ይከላከላል፣ ድምፁ ንጹሕ ነው። ሲቋረጥ ፎይሉ ራሱ አንቴና ይሆናል፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ ሁሉ ይለቅማል፣ እምምም። የብረት መደቡ ላይ ከሉፐሩ ጎን በቡሎን አሰርኩት። (ማብሪያው የ220 ሽቦ አይነካም። የፒክአፑን ሽቦ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ እንዳትሞክሩት።)

የቀረው ዋውዋው ነው። መብራቱን ወደ 98 ማውረድ አልችልም። ስለዚህ ቼሎውን ወደ 100 አወጣሁት። ከግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ነው። ከፒያኖ ጋር አልጫወት፣ ማን ይከሰኛል?

ሶል መሠረት ከሆነች ቅኝቱም ከሷ ይነሳል። አንቺ ሆዬ ከሶል ሲነሳ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ሚ ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ የወረደ)። የቼሎ ባዶ ክሮች ደግሞ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ናቸው። ሬና ላ ይጣላሉ። ሁለቱን በግማሽ ድምፅ ሳወርዳቸው ዶ፣ ሶል፣ ሬ ፍላት፣ ላ ፍላት ሆኑ። አራቱም ባዶ ክሮች አንቺ ሆዬ ውስጥ ገቡ! ቦውን እንዲሁ በአራቱም ላይ ሳንሸራትት ቅኝቱ ራሱ ይናገራል። ለምን ቀድሞ እንዳልታየኝ አላውቅም። ክር ማውረድ ነውር ነው የሚል ነገር ውስጤ ነበር መሰለኝ፤ ባኅ እንኳን ለቼሎ ከጻፋቸው ስዊቶች ለአንዱ ላ ክርን ወደ ሶል አውርዶ ነው የጻፈው።

ጉዳቱ፦ እጄ የሚያውቀው የጣት ቦታ በላይኞቹ ሁለት ክሮች ላይ ሁሉ ውሸት ሆነ። ሳምንት ሙሉ እንደ ጀማሪ ነበርኩ።

ጥር 2

ዐሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ሄጄ ድምፅ ቀዳሁ። በስልክ፣ ማይኩ ላይ ካልሲ አልብሼ፤ ያለ ካልሲ የሐይቁ ነፋስ ብቻ ነው የሚቀዳው። የፈለግኩት አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች ነው። ዓሣ የሚያርዱት ልጆች ቆሻሻውን ሲጥሉ እነዚያ መላጣ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ሲጣሉም ምንቃራቸውን ያጋጫሉ። ደረቅ የእንጨት ድምፅ ነው። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ያገኘሁት አራት ጥሩ ምት ነው። ከአራቱ አንዱ ላይ "አንተ፣ ቆሮሶው ስንት ነው?" የሚል ድምፅ ገብቷል። አልቆረጥኩትም።

ለብቻ መሥራት የሚከብደኝ ቀን ኃይሉ መርጊያን አስባለሁ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር። አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር ብቻውን ደራርቦ ቀዳ። በኋላ ታክሲ ሲነዳ በተራ መሀል ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እኔ ቢያንስ ሐይቅ ዳር ነኝ።

ጥር 17

ፍቅር ሐይቅ አጠገብ ያለች ካፌ። ክፍያ 3,000 ብር፣ ኮንትራት ባጃጅ ደርሶ መልስ 500። ሃያ አምስት ሰው ገደማ። እማዬ፣ አጎቴና ጋሼ ፊት ወንበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉን ቃኝቼ ነበር፤ ሶል 100፣ እምምታው 100፣ አንድ ላይ ተቆልፈዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል መብራት ሄደ። ጄኔሬተር ተነሳ። ማብሪያዬን ጠቅ አደረግኩ።

እምምታው ሌላ ነው! ስልኬ 103 አለኝ። ትንሽ ጄኔሬተር ጭነት ሲያንስበት ይፈጥናል፣ 50ውን ያልፋል። ጥሩ፣ ሶልን በፋይን ቲዩነር፣ በትንሿ መቃኛ ብሎን፣ 103 አደረስኳት፣ ቤዙን ቀዳሁ፣ ከበሮውን መታሁ። ዜማው ሲጀመር ከባንኮኒው ጀርባ አንዱ አቮካዶ ጁስ አዘዘ። መፍጫው ሲነሳ ጄኔሬተሩ ከበደውና ዝግ አለ። እምምታው ወረደ። የቀዳሁት ሉፕ ውስጥ ግን 103 አለ። አዲሱ 101፣ አሮጌው 103። ዋው-ዋው-ዋው።

ልዘጋው እግሬን አነሳሁ። ከዚያ ጋሼን አየኋቸው። ራሳቸውን በዋውዋው ልክ እየነቀነቁ ነው። እግሬን መልሼ አወረድኩ። ዜማውን ጥዬ በዚያ ውዝዋዜ ላይ ብቻ፣ ጣቴን ሳልጫን፣ አንድ ድምፅ ያዝኩ። መፍጫው እስኪቆም ቆየሁ። ሲቆም እምምታው ወደ ላይ ተሳበ፣ እኔም ተከትዬ ተሳብኩ።

ሌላው ክፍል እንዲህ አልነበረም። ሁለተኛው ሥራ ላይ ሉፑ አነከሰ። የአባ ኮዳው ምት ጮኾ ልጅ አስለቀሰ። ሦስተኛው መሀል የሉፐሩ ባትሪ አለቀ፤ መለዋወጫ አልያዝኩም። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ደረቅ ቼሎ ተጫወትኩ።

ጋሼ ሲሄዱ "ዛሬ አልበረደህም" አሉኝ።

ጥር 19

እስካሁን የወጣው፣ ፔዳሉን በ4,200 ከሸጥኩ በኋላ፣ ወደ 31,000 ብር። የገባው 3,000።

የሚስተካከል፦ ሁለት ጥቅል ባትሪ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ። የአባ ኮዳው ድምፅ ይቀንስ። ለሬ ፍላቷ ወፈር ያለች ክር ውጭ ለሚኖር ሰው ላክልኝ ብያለሁ፤ ያለችኝ ክር ስትወርድ ትለሰልሳለች።

የካፌው ባለቤት ለመጪው ቅዳሜ ጠርቶኛል። ዛሬ ሄጄ ጁስ የሚፈጨውን ልጅ አነጋገርኩት። መፍጫውን ከማስነሳቱ በፊት እጁን እንዲያነሳልኝ ተስማማን፤ እኔ ደግሞ ራሴን ነቅንቄ አስጀምረዋለሁ። አቮካዶና ማንጎ ጄኔሬተሩን እኩል አይከብዱትም አለኝ፣ ማንጎ ቀላል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም እንለካለን። ለልጁ 200 ብር።